ለጥንቸል ልጆች «በሞቴ» አይባልም

ወሎ ውስጥ ፍቅር በማብላት ይታወቃል። እንግዳ መጥቶ «ጠግቤያለሁ» ቢል ማንም አይሰማውም። «በሞቴ!» ይባላል። «አፈር ስሆን!» ይባላል። ከዚያ ጉርሻ ይመጣል። አንዱን ጎርሶ ለማምለጥ የሞከረ ሰው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይደገምለታል። እኔም ደሴ ላይ በዚህ ወግ ነው ያደግሁት። የምወደው ወግ ነው።

እናታቸው የሞተችባቸውን የጥንቸል ልጆች በእጄ ማሳደግ ስጀምር ግን ይኸው የምወደው ወግ ፈተነኝ። ወተት ማሞቁ አልከበደኝም። ሌሊት መነሳቱም ይለመዳል። የከበደኝ ማቆሙ ነው። ትንሿ ፍጥረት አፏን ከፍታ እየፈለገች፣ ሲሪንጁ ውስጥ ገና ወተት እያለ፣ «በቃሽ» ብሎ እጅን መሰብሰብ። ሰው እጅ ላይ የወደቁ የጥንቸል ልጆችን ከሚገድሉት ነገሮች መካከል ከመጠን በላይ ማጥገብና አጣድፎ ማጠጣት ዋናዎቹ ናቸው። ሁለቱም የሚመጡት ከክፋት አይደለም። ከርኅራኄ ነው የሚመጡት። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው። የጎረቤታችን ልጆች ጓሮ ውስጥ በሽቦ ቤት ጥንቸል ያረባሉ። አንድ ሌሊት የሰፈር ውሻ ሽቦውን ጥሶ ገብቶ እናቲቱን ገደላት። ልጆቿ ጥግ ባለው ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ጥንቸል ልትወልድ ስትል የሆዷን ፀጉር እየነጨች መኝታ ታነጥፋለች፤ ልጆቿንም በዚያው ትሸፍናቸዋለች። ውሻው አላገኛቸውም። ጠዋት ትልቁ ልጅ በጫማ ካርቶን ይዟቸው መጣ።

«እትዬ፣ ስድስት ናቸው። ምን እናድርጋቸው?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

ካርቶኑን ከፈትኩት። የቤት ጥንቸል ስትወለድ ዕውር ናት፤ ፀጉር የላትም፤ ክብደቷ ከ40 እስከ 60 ግራም ቢሆን ነው። እነዚህ ከተወለዱ ጥቂት ቀናት ቢሆናቸውም ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ዓይን የሚገለጠው ከ10ኛው ቀን በኋላ ነው። ጆሯቸው ጭንቅላታቸው ላይ ተለጥፏል። ገላቸው ላይ የከሰል አመድ የመሰለ ስስ ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል። ስነካቸው ቀዝቃዛ ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም የሁሉም ሰው እጅ መጀመሪያ ወደ ወተት ይሄዳል። መቅደም ያለበት ግን ሙቀት ነው። የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ አይሠራም፤ የጠጣው ወተት እዚያው ይቆያል፤ ይበላሻል። በዚህ ዕድሜ የገላቸውን ሙቀት ራሳቸው መጠበቅ አይችሉም። ተጠጋግተው፣ በእናታቸው ፀጉር ተሸፍነው ነው የሚሞቁት። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጥቅምትን ሌሊት የጦሳ ተራራን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል።

ልጁን መልሼ ላክሁት። «ሂድና ሳጥኑ ውስጥ የቀረውን የእናታቸውን ፀጉር ሰብስበህ አምጣልኝ። አንዱም እንዳይቀር» አልኩት። እየሮጠ ሄደ። ያ ፀጉር ከማንኛውም ብርድ ልብስ የተሻለ ነው። ደረቅ ነው፤ ሽታው የቤታቸው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ድርቆሽ አነጠፍን፤ በላዩ ፀጉሩን አደረግን። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለን በካርቶኑ አንድ ወገን ብቻ አስቀመጥን። አንድ ወገን ብቻ የሆነበት ምክንያት አለው። ሙቀቱ ሲበዛባቸው እየተንፏቀቁ ወደ ቀዝቃዛው መሸሽ መቻል አለባቸው። አምፖል ማብራትም ይቻላል፤ መብራት ሌሊት ስትሄድ ግን ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። ሃይላንዱ ይሻላል። ሌሊት የምነሳውም ውሃውን ለመቀየር እንጂ ለማብላት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የግቢው ሰው ሁሉ መጣ። በእኛ ሰፈር ሐዘንም ሆነ ደስታ የብቻ አይደለም፤ የጥንቸል ሐዘን እንኳ። አንዷ የላም ወተት በጆግ ይዛ መጣች። የልጁ አያት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ካርቶኑን አጎንብሰው አይተው «ኧረ የአላህ ያለህ! አብሽሪ ልጄ፣ ቅቤ አልሻቸው፤ አንጀታቸው ይርሳል» አሉኝ። እማማ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ይላስ በነበረበት ዘመን የወለዱ፣ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቅንነታቸውን አውቃለሁ። እጃቸውን ስሜ «እማማ፣ ቅቤ አይችሉም። ዱዓ ያድርጉላቸው» አልኳቸው። አደረጉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የጥንቸል እናት ልጆቿን በቀን ስንት ጊዜ የምታጠባ ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ስጠይቅ «እንደ ድመት፣ ቀኑን ሙሉ» ይለኛል። የጥንቸል እናት የምታጠባው ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ነው። ቢበዛ ሁለቴ። እሱም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ሳጥኑ ውስጥ ትገባለች፤ ከልጆቿ በላይ ትቆማለች፤ ይጠባሉ፤ ዘላ ትወጣለች። አትልሳቸውም ማለት ይቻላል። አብራቸው አታድርም። ቀኑን ሙሉ ሩቅ ሆና ሣሯን ትበላለች።

ይህን የማያውቅ ሰው እናቲቱን ይጠላታል። «ልጆቿን ጣለች» ይላል። እንደዚያ ብለው ከደህና እናት ላይ ልጆች ነጥቀው በጡጦ የሚያስጨንቁ ሰዎች አይቻለሁ። እሷ ግን የራቀችው ልጆቿን ለማትረፍ ነው። ጥንቸል ከአውሬ ጋር የምትዋጋበት ጥርስም ጥፍርም የላትም። ያላት አለመገኘት ብቻ ነው። ጎጆው ደጃፍ ላይ በተመላለሰች ቁጥር ሽታዋ ይበዛል፤ ቀበሮም ሸለምጥማጥም መንገዱን ያገኘዋል። ስለዚህ ትርቃለች። በዚያች 5 ደቂቃ የምትሰጠው ወተት ደግሞ ለአንድ ቀን የሚበቃ ነው። የላም ወተት ስቡ ከመቶ 4 ገደማ ነው። የጥንቸል ወተት ስብ ከመቶ ከ10 ይበልጣል፤ ፕሮቲኑም ወደዚያው የተጠጋ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ ጥንቸል ወልዳ «ልጆቿ ጋ ስትገባ አላየሁም» ካላችሁ እናቲቱን ለመፍረድ አትቸኩሉ። ጠዋት የልጆቹን ሆድ እዩ። የጠባ ግልገል ሆዱ ድብልብል ያለ ነው፤ ስስ ቆዳው ሥር ወተቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዝም ብሎ ተኝቷል። ያልጠባው ቆዳው ይጨማደዳል፤ ሆዱ ይሰምጣል፤ ሲነካ ይንጫጫል። ሌላም አለ። «የሰው እጅ ከነካቸው እናቲቱ አትቀበላቸውም» የሚባለው ነገር ለቤት ጥንቸል እውነት አይደለም። ሰውን የለመደች እናት በቀን አንዴ ስለታዩባት ልጆቿን አትተውም።

የእኛዎቹ ግን እናታቸው እንደሞተች በዓይናችን ያየን ነን። ጥርጥር የለውም።

በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው ሌላ እናት መፈለግ ነው። ሲሪንጁ የመጨረሻው አማራጭ ነው። በተቀራረቡ ቀናት የወለደች፣ ጥቂት ልጆች ያሏት ጥንቸል ከተገኘች የሙት ልጆችን ትቀበላለች። ጥንቸል ልጆቿን እየቆጠረች አታጠባም። የሌላዋን ልጆች በእሷ ሳጥን ፀጉር አሸት አሸት አድርጎ፣ እሷ በሌለችበት ሰዓት ከራሷ ልጆች መሃል መክተት ነው። ስልክ መደወል ጀመርኩ። የሰው ሰው እያገናኘኝ ኮምቦልቻ ላይ ጥንቸል የሚያረባ አንድ ወጣት ተገኘ። የእሱ ጥንቸል በዚያው ሳምንት ወልዳ አምስት ልጆች አሏት። «እትዬ፣ ሦስት አምጪልኝ። ጡቷ ስምንት ነው፤ ከዚያ በላይ ከጨመርኩባት ሁሉም ይጎዳሉ» አለኝ። ልክ ነበር።

ማን ይሂድ የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። የልጁ ታናሽ እህት «የሚያማምሩት እዚህ ይቅሩ» አለች። እኔ ደካማዎቹን መረጥኩ። በእጅ ለማደግ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበት የሌለው የእናት ወተት ይቅደመው ብዬ ነው። ሦስቱን በትንሽ ካርቶን ከሃይላንዳቸው ጋር ይዘን ሚኒባስ ተሳፈርን። ሐረጎን ቁልቁል ስንወርድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። ልጁ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዴም መስኮቱን ቀና ብሎ አላየም። ኮምቦልቻ ደርሰን ወጣቱ ሲቀላቅላቸው ቆመን አየን። ማታ ደወለልን። ጠብተዋል።

ሦስቱ እኔ ጋ ቀሩ።

የወተቱን ነገር ልንገራችሁ። በሌላ አገር የድመት ግልገል ወተት በዱቄት እየተዘጋጀ ይሸጣል፤ ብዙዎች ለጥንቸልም እሱን ይጠቀማሉ። ደሴ መደርደሪያ ላይ አላየሁትም። ለእኛ ቅርቡ የፍየል ወተት ነው፤ የተመሰገነም ነው። በጥንቸል ወተት ውስጥ ጀርም የሚከላከሉ የስብ አሲዶች በብዛት አሉ። የፍየል ወተትም፣ መጠኑ ቢያንስም፣ ከእነዚሁ አለው። ጉድለቱ ቀጭን መሆኑ ነው። ስለዚህ የተፈላው ወተት ሲቀዘቅዝ የሚይዘውን ስልባቦት ትንሽ አድርጌ መልሼ እቀላቅልበታለሁ። ስኳር አይገባም። ማር አይገባም። ወተቱ መፍላት አለበት፤ ከዚያ በርዶ የክንድ ውስጠኛው ቆዳ ላይ ጠብ ሲደረግ ለብ ያለ ሙቀት ሲሰጥ ይደርሳል። የተረፈውን ለነገ ማለት የለም። ይደፋል። ወተት መድፋት ለእኛ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ለድመት ስጡት።

ልኩ ደግሞ ይኸውላችሁ። አዲስ የተወለደች ግልገል በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 2 ተኩል ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሁለቴ። አንድ ሳምንት ሲሆናት ከ6 እስከ 7 ሚሊ፣ ሁለቴ። ሁለት ሳምንት ሲሆናት 12 ሚሊ ገደማ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ሳምንት እስከ 15 ሚሊ፣ አሁንም ሁለቴ። ይህ ለመካከለኛ ዝርያ ነው፤ ላነሱት ያንሳል። ሆዷ ድብልብል ካለ፣ ሳይወጠር፣ በቅቷታል። ሲሪንጁ ላይ የቀረው ቀረ ነው። «ትንሽ ናት፣ እስቲ ጥቂት ልጨምርላት» የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ ይመጣል። እኔ ዘንድ በየማታው ይመጣ ነበር። እናታቸው በ24 ሰዓት 5 ደቂቃ ብቻ ትመጣ እንደነበር ለራሴ እየነገርኩ ነው እጄን የሰበሰብኩት። እሷ ከእኔ ያነሰ አልወደደቻቸውም።

አያያዙ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ነፍስ የሚያድነው እሱ ነውና። ብዙ ሰው የጥንቸል ልጅን እንደ ሕፃን አቅፎ በጀርባዋ አስተኝቶ ማጠጣት ይፈልጋል። በፍጹም! በጀርባዋ የተኛች ግልገል ወተቱ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ሳንባ የገባ ወተት የሳንባ ምች ያመጣል፤ ከዚያ የሚተርፉት ጥቂት ናቸው። በሆዷ ትቀመጥ። ፎጣ ላይ፣ የፊት እግሮቿ መሬት ነክተው፣ ጭንቅላቷ ትንሽ ቀና ብሎ። ሲሪንጁ ያለ መርፌ፣ ባለ 1 ሚሊው ቢሆን ይመረጣል፤ ትልቁ ሳይታሰብ ያፈሳል። ጫፉን ከከንፈሯ ጎን አስጠግቶ አንዲት ጠብታ መስጠት። ትልሳታለች። ሌላ ጠብታ። መጠበቅ። ግልገሏ ትሳብ እንጂ እኛ አንግፋ። ወተት በአፍንጫዋ ከወጣ ወዲያው ማቆም፣ አፏን ዝቅ አድርጎ መጥረግ፣ እስክትረጋጋ መታገስ።

ለአንዷ ግልገል ሩብ ሰዓት የሚወስድበት ጊዜ ነበር። የእማማ ትንሽ ቤት ውስጥ ቡና እየተፈላ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጠብታ ስቆጥር፣ ማንም አያጣድፈኝም። አቦሉ አልቆ ቶና ይቀዳል። ሰው ወሬውን ዝቅ ያደርግልኛል። ደሴ ውስጥ ቡና የሚጠጣበት ሰዓትና የጥንቸል ልጅ የሚመገብበት ፍጥነት ይስማማሉ።

ከመገቡ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። በዚህ ዕድሜ ሽንታቸውን ራሳቸው በደንብ አይሸኑም። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ ይዞ ከሆዳቸው በታች ቀስ ብሎ መዳበስ ነው፤ ዓይናቸው እስኪገለጥ ድረስ። ትንሹ ልጅ ይህን ሥራ ሲያይ ሮጦ ይሸሽ ነበር። ትልቁ ግን ተማረው። እጁ ከእኔ እጅ የለሰለሰ ነው። በየጠዋቱም በኩሽና ሚዛን እንመዝናቸዋለን። ደህና ግልገል በየቀኑ ትጨምራለች፤ በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቷ እጥፍ ይሆናል። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ባለበት ከቆመ ነገር አለ ማለት ነው።

የአንዷ ቆመ። ሁለቱ ሲጨምሩ እሷ ባለችበት ቀረች። ትጠጣለች፤ ግን ሆዷ ይነፋል። መጠኑን ቀነስኩ። ሙቀቱን ጨመርኩ። በሦስተኛው ጠዋት ተነስቼ ካርቶኑን ስከፍት ከእህቶቿ ጥግ ላይ ሞታ አገኘኋት። በእጅ ከሚያድጉ የጥንቸል ልጆች የሚሞቱት ብዙ ናቸው። ይህን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ለልጆቹም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ቢሆንም አለቀስን። ትልቁ ልጅ ከጓሮው ኮባ ሥር ቆፍሮ ቀበራት። እማማ «የአላህ ዕቃ ናት፤ ወሰደ» ብለው ልጁን ራሱን ዳበሱት።

በዚያው ሰሞን አንድ ዘመድ ቤታችን መጥቶ ጠየቀኝ። «ለማይበላ እንስሳ ይህን ያህል?» አለ። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ጥንቸል ከማይበሉት ተቆጥራለች፤ ስለዚህ በክርስቲያኑ ቤት አትታረድም። በእስልምና ሥጋዋ የተፈቀደ ነው፤ ቢሆንም በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ብዙ አይደፍራትም። መልሱን እኔ ሳልሰጥ እማማ ሰጡት። ለተጠማ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው፣ አላህም እንደማረው የሚናገረውን ሐዲስ ነገሩት። እናቴም ከወዲህ ሆና ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል የሚለውን የምሳሌ መጽሐፍ ቃል ጨመረች። ዘመዳችን ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ አንድ እቅፍ ድርቆሽ ላከልን።

ያው የዘሌዋውያን ምዕራፍ ጥንቸል ታመሰኳለች ይላል። ጥንቸል እንደ ላም አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የላትም። አፏ ግን ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ምግቧንም በእርግጥ ሁለቴ ትመገበዋለች። ሣሩ በትልቁ አንጀቷ ከረጢት ውስጥ ይቦካል፤ ከዚያ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ኩስ ሆኖ ይወጣል። ያንን ከወጣበት ወዲያው መልሳ ትበላዋለች። ቫይታሚኑ፣ ጠቃሚው ባክቴሪያ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ደረቁ ክብ ኩስ ሌላ ነው።

ይህ ለሙት ልጆች ትልቅ ጉዳይ ነው። ጤነኛ እናት ሳጥኑ ውስጥ ኩሷን ጣል ታደርጋለች፤ ልጆቿ ሣር ከመልመዳቸው በፊት ከዚያ እየቀማመሱ ሆዳቸውን የሚያሠራውን ባክቴሪያ ያገኛሉ። እናት የሌላቸው ይህን ከየት ያምጡ? ዓይናቸው ከተገለጠ በኋላ የኮምቦልቻው ወጣት ከጤነኛ ጥንቸሉ ንጋት ላይ የሰበሰበውን ለስላሳ ኩስ በላስቲክ ጠቅልሎ በሚኒባስ ሹፌር ላከልኝ። ሹፌሩ «ምንድነው?» ሲል መድኃኒት ነው ብሎታል። ውሸት አይደለም። ከወተቱ ጋር ጥቂት ጥቂት እያሟሟሁ ሰጠኋቸው። ብዙ ሰው ይህን ይጸየፋል፤ ግን ወተት ለቀው ወደ ሣር በሚሻገሩበት ጊዜ በተቅማጥ ከመሞት ከሚያተርፏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሌላ ታሪክ እዚህ መሃል ገባ። የልጆቹ ወንድ አያት ቦሩ ሜዳ አካባቢ ይኖራሉ። ልጁ ቅዳሜ እዚያ ሄዶ ሲመለስ በሹራቡ ውስጥ የዱር ጥንቸል ልጅ ይዞ መጣ። «ሜዳ ላይ ብቻዋን ነበረች። እናት የላትም። ከእኛዎቹ ጋር እናሳድጋት» አለኝ። ፊቱ ላይ ያ ሁሉ የተማረው ርኅራኄ ይታያል።

አየኋት። ዓይኗ እንደ ብርጭቆ ንጹሕ ነው፤ ተገልጧል። ፀጉሯ ሙሉ ነው። የዱር ጥንቸል ከቤት ጥንቸል ዘሯም ኑሮዋም የተለየ ነው። የቤት ጥንቸሎች ሁሉ ከአውሮፓ የመጡ ናቸው፤ ጉድጓድ ቆፍረው የሚወልዱ። የእኛ ሜዳ ጥንቸል ግን ጉድጓድ አትቆፍርም። ከመካከላቸው የኢትዮጵያ ደጋ ጥንቸል የሚባለው በዓለም ላይ ከአገራችን ሌላ የትም የማይገኝ፣ ለሳይንስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የተመዘገበ ዝርያ ነው። የዱር ጥንቸል ልጆች ሲወለዱ ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ፀጉር ለብሰዋል። እናታቸው ሣር ውስጥ ትወልዳቸዋለች። ብዙም ሳይቆይ እያንዳንዱ ለየብቻው ተበታትኖ ያደፍጣል። አንዱ ቢገኝ ሌላው እንዲተርፍ ነው። እናቲቱ ርቃ ትውላለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልሳ ጥቂት ደቂቃ አጥብታ ትሄዳለች።

ሜዳ ላይ ብቻዋን፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ድምፅ ሳታሰማ የተገኘች ግልገል እንግዲህ ልክ እናቷ እንዳስቀመጠቻት ናት። የምትወሰደው የቆሰለች፣ የቀዘቀዘች፣ ወይም እናቷ አጠገቧ ሞታ የታየች ከሆነ ብቻ ነው። የዱር ግልገል በሰው ቤት ድንጋጤ ብቻውን ሊገድላት ይችላል።

ልጁን አልተቆጣሁትም። አያቱ ጋ ደወልን። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በግ ያገዱ ሰው ናቸው። «አምጧት፤ ገና አልመሸም። እናቷ ማታ ትፈልጋታለች» አሉ። አንድ ጎረቤት በባጃጅ አደረሰን። ልጁ ያነሳበትን ቦታ አልረሳም፤ ከአንድ ድንጋይ አጠገብ ነው። አስቀመጣት። ወዲያው ሣሩ ውስጥ ተለጥፋ ከሣሩ መለየት አቃተን። አያትየው ክንዱን ይዘው «በል ና፣ ቆመን ካየናት እናቷ አትመጣም» ብለው ወደ ቤት ወሰዱን።

የእኛ ሁለቱ በሦስተኛው ሳምንት ድርቆሽ ማላመጥ ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ድርቆሹና ውሃው ሁልጊዜ ፊታቸው ነው፤ ወተቱ እስከ ስድስት ሳምንት ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ትኩስ ጎመንና ካሮት ወዲያው አላበዛንባቸውም። በሥዕል ሁሉ ጥንቸል ካሮት ይዛ ትታያለች፤ ልጆቹም ካሮት ይዘው ይመጣሉ። ካሮት ስኳር አለው፤ ለእነሱ እንደ ከረሜላ ነው። ዋናው ምግባቸው ሣር ነው።

ኮምቦልቻ ያሉትን ሦስቱን ልናያቸው ሄድን። ሦስቱም አሉ። ከእኛዎቹ አጠገብ ሲቀመጡ ልዩነቱ ያስደነግጣል። ደካማ ብዬ የላክኋቸው እኔ ጋ ከቀሩት ጠንካሮች በልጠው ወፍረዋል፤ ፀጉራቸው ያበራል። እኔ ለእያንዳንዷ ግልገል ጠብታ እየቆጠርኩ ሩብ ሰዓት እቀመጥ ነበር። ያቺ እንግዳ እናት በቀን 5 ደቂቃ ብቻ ነው የሰጠቻቸው፤ ከዚያ ዘላ ወጥታ ሣሯን ትበላለች። ልጁ ቆሞ አያትና «እቺ ትችልበታለች» አለ። እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት።

አሁን አምስቱም በአንድ ላይ ጎረቤታችን ጓሮ ናቸው። ቤታቸው ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ተሠርቷል፤ ሽቦው እጥፍ ሆኗል፤ በሩ ቁልፍ አለው። ከመካከላቸው ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ከሴቶቹ መለየት አለባቸው፤ አለበለዚያ ጥንቸል በ31 ቀን ትወልዳለች፤ ጓሮው አይበቃንም። የወንዶቹን ቤት ጣውላ አግኝተናል። የቀረን ቀዳዳው ጠበብ ያለ፣ ውሻ የማይጥሰው ሽቦ ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ በደህና ዋጋ የሚገኝበትን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ልጁ በየቀኑ ይጠይቀኛል።